የዌብ ቴሌስኮፕ ቢግ ባንግን ሻረው ወይ? ለአንድ አባት ጥያቄ ምላሽ

ጥያቄው፦ «የ11ኛ ክፍል ተማሪ የሆነች ልጄ “ጄምስ ዌብ የተባለው ቴሌስኮፕ የቢግ ባንግን ንድፈ ሐሳብ ውድቅ አደረገው፤ የዩኒቨርስ ዕድሜም 13.8 ሳይሆን 26.7 ቢሊዮን ዓመት ነው” የሚል ቪዲዮ አይታ ከፊዚክስ መምህሯ ጋር ተከራከረች። መምህሩ “መጽሐፉ ላይ ያለውን ያዢ” ብሎ ዘጋው። እኔ በሙያዬ የሒሳብ ሠራተኛ ነኝ፤ ማንን ልመን? ሳይንቲስቶቹስ የሚደብቁን ነገር አለ?» አንድ አባት፣ ከደብረ ብርሃን።

ጤና ይስጥልኝ። መልሱን በአጭሩ ላስቀድም፦ ቢግ ባንግን፣ ማለትም ዩኒቨርስ ከ13.8 ቢሊዮን ዓመት በፊት እጅግ ከታመቀና ከጋለ ሁኔታ ተነሥቶ እየሰፋ መጣ የሚለውን ንድፈ ሐሳብ፣ አልሻረውም፤ የዩኒቨርስም ዕድሜ እንደነበረ ነው። ይሁን እንጂ ልጅዎ ዝም ብላ አልተከራከረችም። ቴሌስኮፑ ማንም ያልጠበቀውን ነገር አሳይቷል፤ የተናጋም እውቀት አለ። ቪዲዮው የተናጋውንና ያልተናጋውን አንድ ላይ ጠቅልሎ ስላቀረበው ነው ነገሩ የተምታታው። የመምህሩም መልስ ብዙ አላስደሰተኝም። መደምደሚያው ትክክል ነው፤ ግን «መጽሐፉ ስላለ» የሚል ምክንያት አንዲትን ጠያቂ ተማሪ አያሳምናትም፤ ሊያሳምናትም አይገባም።

ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ስለ መሣሪያው ትንሽ ልበል። የጄምስ ዌብ ቴሌስኮፕ ዲሴምበር 25 ቀን 2021፣ በእኛ ታኅሣሥ 16 ቀን 2014 ዓ.ም.፣ ከፈረንሳይ ጉያና ወደ ህዋ መጠቀ። ዋናው መስታወቱ 6.5 ሜትር ስፋት አለው፤ በወርቅ የተለበጡ 18 ባለ ስድስት ጎን ቁርጥራጮች ተገጣጥመው የሠሩት ነው። የሚሠራውም ከመሬት 1.5 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ርቆ፣ ጀርባውን ለፀሐይ ሰጥቶ፣ በከባድ ቅዝቃዜ ውስጥ ነው። ይህ ሁሉ ድካም ኢንፍራሬድ የተባለውን፣ ዓይናችን የማያየውን ብርሃን ለመያዝ ነው።

ኢንፍራሬድ ለምን አስፈለገ? ዩኒቨርስ እየሰፋ ስለሆነ በውስጡ የሚጓዝ ብርሃንም አብሮ ይለጠጣል። ብርሃን ሲለጠጥ ከሰማያዊ ወደ ቀይ፣ ከቀይም አልፎ ወደ ኢንፍራሬድ ይሄዳል። የመለጠጡን መጠን ሬድሺፍት እንለዋለን፤ ቁጥሩ በጨመረ ቁጥር ብርሃኑ የተነሣበት ዘመን ወደ መጀመሪያው እየቀረበ ይመጣል። ለምሳሌ በ2025 ይፋ የሆነችው ሞም-ዜድ 14 የተባለች ጋላክሲ (ጋላክሲ የከዋክብት ስብስብ ነው) ሬድሺፍቷ 14.44 ነው። ይህ ማለት ብርሃኗ ወደ እኛ ሲደርስ ሞገዱ 15.44 ጊዜ ረዝሟል ማለት ነው። ከሃይድሮጅን የወጣ፣ 121.6 ናኖሜትር የነበረ አልትራቫዮሌት ጨረር 1,880 ናኖሜትር ገደማ ሆኖ ይደርሰናል። እንዲህ ያለውን ብርሃን ከዌብ በፊት የተላከው ሀብል ቴሌስኮፕ ሊያየው አይችልም፤ ከአቅሙ ውጪ ነው። ሞም-ዜድ 14ን የምናያት ዩኒቨርስ 280 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በነበረበት ጊዜ የነበራትን መልክ ይዛ ነው።

እዚህ ላይ እርስዎ በደንብ የሚያውቁትን ነገር ልዋስ። የአንድ መጋዘን ዕቃ በሁለት መንገድ ሊታወቅ ይችላል። አንደኛው በር ላይ ቆሞ «ይህ ክምር 400 ኩንታል ይሆናል» ብሎ መገመት ነው፤ ሁለተኛው ገብቶ መቁጠር። የሩቅ ጋላክሲን ርቀት የምናውቀውም በእነዚሁ ሁለት መንገዶች ነው። በግምቱ መንገድ አንዱን የሰማይ ክፍል በተለያዩ ማጣሪያዎች ፎቶ እናነሣለን። በጣም ሩቅ የሆነ ጋላክሲ በአጭር ሞገድ ማጣሪያዎች ላይ ጭራሽ አይታይም፤ በረጅሞቹ ላይ ድንገት ብቅ ይላል፤ ምክንያቱም በመንገድ ላይ ያለ ሃይድሮጅን አጭሩን ሞገድ ውጦ ያስቀረዋል። የት ላይ እንደጠፋ አይተን ርቀቱን እንገምታለን። ቆጠራው ደግሞ ስፔክትረም ነው፤ ብርሃኑን ቀስተ ደመና ላይ እንደምናየው በዝርዝር ከፋፍሎ፣ ኦክስጅንና ሃይድሮጅን የመሳሰሉት ንጥረ ነገሮች የተዉትን መስመር ለይቶ፣ እያንዳንዱ መስመር ከቦታው ምን ያህል እንደተገፋ መለካት። ፎቶ በአንድ ጊዜ ብዙ ሺህ ጋላክሲዎችን ይይዛል። ስፔክትረም ብዙ ሰዓት ይፈልጋል። ስለዚህ ሁልጊዜ ግምቱ ቀድሞ ይመጣል፤ ዜናውም የሚሠራው በግምቱ ነው።

በ2022 ክረምት የሆነው ይኸው ነበር። ጁላይ 12 የመጀመሪያዎቹ ምስሎች ተለቀቁ፤ ከዚያ በኋላ ባሉት ሳምንታት የጥናት ጽሑፎች እንደ ሐምሌ ዝናብ ወረዱ። ከሁሉ በላይ ያነጋገረችው ሲርስ-93316 የምትባል ሬድሺፍቷ 16.4 ገደማ ነው የተባለላት እጩ ጋላክሲ ናት። እውነት ቢሆን ኖሮ ዩኒቨርስ ገና ሩብ ቢሊዮን ዓመት ሳይሞላው የበራች መብራት ትሆን ነበር። እኔም ለተማሪዎቼ በደስታ ነግሬ ነበር። በ2023 ቆጠራው መጣ። ስፔክትረሙ ሬድሺፍቷ 4.9 ብቻ መሆኑን አሳየ፤ ማለትም ዩኒቨርስ 1.2 ቢሊዮን ዓመት ገደማ ሲሆነው የነበረች ጋላክሲ ናት። ያሳሳተን በጋለ ጋዟ ውስጥ ያሉት ኦክስጅንና ሃይድሮጅን ናቸው፤ የሚያወጡት ብርቱ የብርሃን መስመር ልክ በማጣሪያዎቹ ላይ አርፎ እጅግ ሩቅ አስመሰላት። ክፍል ገብቼ ማረም ነበረብኝ፤ ተማሪዎቹም ደስ አላቸው።

በዚያው ምልከታ ግን ሌላ ጋላክሲ ተመዝና አለፈች። ያገኛት ቡድን መሪ በሴት ልጁ ስም የሰየማት ጋላክሲ ሬድሺፍቷ 11.4 ሆኖ ተረጋገጠ፤ ይህም ከቢግ ባንግ በኋላ ወደ 390 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ነው። በአንድ ቆጠራ አንዷ ወደቀች፣ አንዷ ጸናች። ቪዲዮ የሚሠሩት ሰዎች የወደቀችውን ጋላክሲ ዛሬም አላነሷትም።

አሁን ወደ ዋናው ጭቅጭቅ። በፌብሩዋሪ 2023 አውስትራሊያ ውስጥ በስዊንበርን ዩኒቨርሲቲ የሚሠራው ኢቮ ላቤና ባልደረቦቹ ኔቸር በተባለው መጽሔት ስድስት እጩ ጋላክሲዎችን አቀረቡ። ከቢግ ባንግ በኋላ ከ500 እስከ 700 ሚሊዮን ዓመት ባለው ጊዜ ውስጥ የነበሩ ናቸው፤ ይህ ብቻውን አያስደንቅም። የሚያስደነግጠው ክብደታቸው ነበር። ከመካከላቸው አንዱ ውስጡ ያሉት ከዋክብት የ100 ቢሊዮን ፀሐይ ክብደት ሊኖራቸው ይችላል ተባለ፤ ይህ እኛ ካለንበት ፍኖተ ሐሊብ የከዋክብት ክብደት ይበልጣል። ፍኖተ ሐሊብ እዚያ ለመድረስ ከ13 ቢሊዮን ዓመት በላይ ፈጅቶበታል። በቴክሳስ ዩኒቨርሲቲ የሚሠራው ማይክል ቦይላን-ኮልቺን ስሌቱን ሠርቶ እንዳሳየው፣ ያን ያህል ከዋክብት በዚያ ዕድሜ እንዲኖሩ ከተፈለገ የተሰበሰበው ጋዝ በሙሉ ማለት ይቻላል ወደ ከዋክብት መለወጥ አለበት። በተለመደው አሠራር ግን ከጋዙ ከ10 እስከ 20 በመቶ የሚሆነው ከተለወጠ ትልቅ ነገር ነው።

«ዩኒቨርስ ተሰበረ» የሚለው ወሬ የተነሣው እዚህ ላይ ነው። የጥያቄውን መልክ ለማየት አንድ ቤት ገዝተናል እንበል። ሻጩ «ግቢው ከታጠረ ሦስት ዓመቱ ነው» ይለናል። ገብተን ስናይ አጥሩ ሥር ከጣሪያው በላይ የረዘመ ባሕር ዛፍ ቆሟል። ምን እናስባለን? ግቢው ከተባለው በላይ ያረጀ ሊሆን ይችላል። ባሕር ዛፉ እኛ ከምናውቀው በላይ ፈጥኖ አድጎ ሊሆንም ይችላል። ሦስተኛም አለ፦ ከሩቅ ስናየው ባሕር ዛፍ የመሰለን ነገር የኤሌክትሪክ ምሰሶ ሊሆን ይችላል። ቪዲዮው የመጀመሪያውን ብቻ ይዞ ሮጠ። ባለሙያዎቹ ያለፉትን ዓመታት ያሳለፉት ሁለተኛውንና ሦስተኛውን በመመርመር ነው።

ከምሰሶው እንጀምር፣ በእውነትም ምሰሶ ተገኝቷልና። ከስድስቱ እጩዎች መካከል ስፔክትረም ከተወሰደላቸው አንዱ ከተገመተው በጣም የቀረበ ሆነ፤ ብርሃኑም የከዋክብት ብቻ ሳይሆን በመሐሉ ጋዝ እየዋጠ የሚያድግ ጥቁር ጉድጓድ ያለበት መሆኑ ታወቀ። ጥቁር ጉድጓድ ራሱ ብርሃን አያወጣም፤ ወደ ውስጡ እየተሽከረከረ የሚወድቀው ጋዝ ግን ይግላል፣ እጅግም ያበራል። ያንን ብርሃን የከዋክብት ነው ብለን ከቆጠርነው የሌሉ ከዋክብትን በመዝገብ ላይ አስገባን ማለት ነው። እርስዎ ይህን በሌላ ስም ያውቁታል፤ ያልገባ ገንዘብ ገቢ ተብሎ ተመዝግቧል።

ነገሩ የአንድ ጋላክሲ ጉዳይም አልሆነም። ዌብ በየአቅጣጫው ጥቃቅን፣ ቀያይ፣ የታመቁ ነገሮችን ያገኝ ጀመር፤ ስማቸውም እንዲሁ «ትንንሽ ቀይ ነጠብጣቦች» ሆነ። ዴል ኮሴቭስኪ የመራው ቡድን ከ300 በላይ ሰብስቦ ሲያጠና፣ አብዛኞቹ ከቢግ ባንግ በኋላ በመጀመሪያዎቹ 1.5 ቢሊዮን ዓመታት ውስጥ የነበሩ ሆኑ፤ ከዚያ በኋላ ቁጥራቸው ይመናመናል። ስፔክትረም ካላቸው ውስጥ 70 በመቶ በሚሆኑት ላይ ጋዝ በሰከንድ ወደ 1,000 ኪሎ ሜትር በሚጠጋ ፍጥነት ሲዞር ይታያል፤ ይህ የጥቁር ጉድጓድ ጎረቤት ምልክት ነው። እኔን ከሁሉ በላይ የሚያጓጓኝ እዚህ ያለው እንቆቅልሽ ነው፤ ከቢግ ባንጉ ክርክር ይልቅ በዚህ ብጠየቅ ደስ ይለኝ ነበር። በእድገት ላይ ያለ ጥቁር ጉድጓድ ኤክስሬይ ማውጣት አለበት፤ እነዚህ ግን አብዛኞቹ በኤክስሬይ አይታዩም። በ2025 ሃይድልበርግ ጀርመን የምትሠራው አና ደ ግራፍ ከቡድኗ ጋር አንዱን ነጠብጣብ በዝርዝር አጥንታ፣ ጥቁር ጉድጓዱ በጥቅጥቅ ያለ የሃይድሮጅን ጋዝ ኳስ ውስጥ የተጠቀለለ ሊሆን እንደሚችል አሳየች። ከውጭ ሲያዩት ግዙፍ ኮከብ ይመስላል፤ በመሐሉ የሚነደው ግን እንደ ፀሐይ የኑክሌር እሳት ሳይሆን ጥቁር ጉድጓድ ነው። «የጥቁር ጉድጓድ ኮከብ» ይሉት ጀምረዋል። ሐሳቡ ገና እየተፈተነ ነው፤ ግን ከዚህ በፊት በየትኛውም የመማሪያ መጽሐፍ ያልነበረ የሰማይ አካል ሊሆን ይችላል። ልጅዎ በዚህ ብትከራከር መምህሯ የሚከፍትላት መጽሐፍ አያገኝም።

እነዚህ ነጠብጣቦች ከሒሳቡ ሲወጡ ምን ቀረ? በቴክሳስ ዩኒቨርሲቲ ካትሪን ችቮሮቭስኪ የመራችው የ2024 ጥናት ይህንኑ ሠርቷል። ቀሪዎቹ ጋላክሲዎች ንድፈ ሐሳቡን የሚያስቸግር ክብደት የላቸውም። ሆኖም ጉዳዩ ሙሉ በሙሉ አልተዘጋም፤ ከባድ ጋላክሲዎቹ በቁጥር ከተጠበቀው እጥፍ ያህል ሆነው ተገኙ። ስለዚህ ወደ ሁለተኛው አማራጭ፣ ፈጥኖ ወዳደገው ባሕር ዛፍ እንምጣ።

ከዋክብት የሚወለዱት ጋዝ ሲቀዘቅዝና በራሱ ክብደት ሲጨመቅ ነው። እኛ ባለንበት ዘመን ይህ ሥራ ዘገምተኛ ነው፤ ምክንያቱም አዲስ የተወለዱ ትልልቅ ከዋክብት በጥቂት ሚሊዮን ዓመታት ውስጥ ፈንድተው የቀረውን ጋዝ ይበትኑታል። ጎበዝ ምድጃ የራሱን ማገዶ እየበተነ የሚነድ ያህል ነው። በመጀመሪያው ዘመን ግን ዩኒቨርስ ጠባብ፣ ጋዙም ጥቅጥቅ ያለ ነበር። በኢየሩሳሌም የዕብራይስጥ ዩኒቨርሲቲ የሚሠሩት አቪሻይ ዴከልና ባልደረቦቻቸው በ2023 እንዳሉት፣ በዚያ ጥቅጥቅታ ከዋክብት የሚወለዱት አንድ ሚሊዮን ዓመት ገደማ በሚሆን ጊዜ ውስጥ ነው። የመጀመሪያው ፍንዳታ ሳይደርስ ሥራው አልቋል፤ የሚበትን ሳይመጣ እህሉ ጎተራ ገብቷል።

ሌላም ማብራሪያ አለ፤ በኮምፒውተር ስሌት የተደገፈ ነው። በመጀመሪያው ዘመን ከዋክብት የሚወለዱት በእኩል ፍጥነት ሳይሆን በግርግር ነበር፤ አንድ ጊዜ ፏ፣ ከዚያ ጭልጥ ያለ ዝምታ። ማታ ከሩቅ ሠርግ ቤት እልልታ ሲሰማ ስንት ሰው እንደተሰበሰበ ልንገምት እንችላለን፤ ግን ልክ ሙሽራው ሲገባ ከሰማን አሥር ሴቶች ሰፈሩን ሙሉ ያስመስሉታል። ጋላክሲም እንዲሁ ነው። አዲስ የተወለዱ ግዙፍ ከዋክብት በቁጥር ጥቂት ሆነው ብርሃናቸው ግን ሌላውን ሁሉ ይሸፍናል። የምናየው ብርሃንን ነው፤ ክብደትን የምናሰላው ከብርሃን ነው። ግርግሩ ላይ ከደረስን ክብደቱን አጋንነን እንጽፋለን። የትኛው ማብራሪያ ምን ያህል ድርሻ እንዳለው ገና ይከራከሩበታል፤ እኔ ግርግሩ ትልቁን ድርሻ ይወስዳል ብዬ አስባለሁ፤ ይህ የእኔ ሚዛን ነው።

ፈጥኖ ማደግ እውነት ስለመሆኑ ግን ጥሩ ማስረጃ ተገኝቷል። በ2024 ይፋ የሆነች ጄድስ-ጂኤስ-ዜድ 14-0 የተባለች ጋላክሲ አለች፤ ብርሃኗ የተነሣው ከቢግ ባንግ 300 ሚሊዮን ዓመት እንኳ ሳይሞላ ነው። ስፋቷ ከ1,600 የብርሃን ዓመት በላይ ስለሆነ ብርሃኗ ከጥቁር ጉድጓድ ብቻ ሊሆን አይችልም፤ ከዋክብት ናቸው። በማርች 2025 ደግሞ በቺሊ አታካማ በረሃ ላይ ያለው አልማ የተባለው የሬዲዮ ቴሌስኮፕ በውስጧ ኦክስጅን አገኘ። ሁለት ቡድኖች በየፊናቸው ነው ያገኙት፤ ርቀቷም በዚያው ተስተካክሎ ሬድሺፍቷ 14.18 ሆነ። ኦክስጅን ከቢግ ባንግ አይገኝም። ከዋክብት ተወልደው፣ በሆዳቸው አብስለውት፣ ሞተው ሲበተኑ ብቻ ነው የሚገኘው። በዚያች ጋላክሲ ውስጥ ቢያንስ አንድ ትውልድ ከዋክብት ተወልዶ፣ ኖሮ፣ ሞቶ ነበር ማለት ነው። የከባድ ንጥረ ነገሮቿም መጠን ከተጠበቀው በአሥር እጥፍ ገደማ በለጠ።

አሁን የግቢውን ሰነዶች እንክፈት። 26.7 የሚለው ቁጥር ከየት መጣ? በ2023 በኦታዋ ዩኒቨርሲቲ የሚሠራው ራጀንድራ ጉፕታ ባወጣው ጽሑፍ ነው። ሰውየው ተመራማሪ ነው፤ ጽሑፉም በታወቀ መጽሔት ታትሟል፤ ስለዚህ ተራ ወሬ አይደለም። ሞዴሉ የዩኒቨርስን መስፋት ከአንድ የቆየ ሐሳብ ጋር ይደባልቃል፤ ሐሳቡ በ1929 ፍሪትዝ ዝዊኪ ያነሣው «ደካማ ብርሃን» የሚባለው ነው። ብርሃን ረጅም መንገድ ሲጓዝ ይደክማል፣ ጉልበቱም ይቀንሳል፣ ስለዚህ ይቀላል ይላል። በዚህ ላይ የተፈጥሮ ቋሚ ቁጥሮች በጊዜ ይለወጣሉ የሚል ሐሳብ ይጨምርበታል። መታተም ግን መጽደቅ አይደለም፤ ሰነዶቹ ይጠየቃሉ።

አንደኛው ሰነድ የሚፈነዱ ከዋክብት ናቸው። አንድ ዓይነት ሱፐርኖቫ አለ፤ በርቶ የሚከስምበት ጊዜ በሚገባ የታወቀ ነው። ብርሃን በመንገድ ላይ ደክሞ ብቻ ቢቀላ ኖሮ ቀለሙ ይለወጥ ነበር እንጂ የክስመቱ ጊዜ አይረዝምም ነበር። ዩኒቨርስ እየሰፋ ከሆነ ግን ጊዜውም አብሮ መለጠጥ አለበት፦ ሬድሺፍቱ 1 የሆነ ሱፐርኖቫ እዚህ 20 ቀን የሚፈጀው ክስመት 40 ቀን ሊወስድበት ይገባል። በ2024 ወደ 1,500 በሚጠጉ ሱፐርኖቫዎች ላይ በተደረገ ልኬት ጊዜው የተለጠጠው በትክክል በተጠበቀው ልክ ነው። ለድካም የተረፈ ቦታ የለም።

ሁለተኛው ሰነድ አረጋውያን ከዋክብት ናቸው፤ ለእኔ ከሁሉም ይልቅ ግልጹ ይህ ነው። ከፀሐይ በመጠኑ የሚያንሱ ከዋክብት ነዳጃቸውን ቆጥበው ስለሚያነዱ ከ20 ቢሊዮን ዓመት በላይ መኖር ይችላሉ። ዩኒቨርስ 26.7 ቢሊዮን ዓመት ከኖረ በሰፈራችን 18፣ 20፣ 23 ቢሊዮን ዓመት የሆናቸው ከዋክብት ልናገኝ ይገባን ነበር። አንድም የለም። የዕድሜ ዝርዝሩ 13 ቢሊዮን አካባቢ ላይ ይቆማል። ከዚህ በፊት ኤችዲ 140283 የሚባል፣ 200 የብርሃን ዓመት ገደማ የሚርቅ ኮከብ ነበር፤ በ2013 ዕድሜው 14.46 ቢሊዮን ተብሎ ተገምቶ «ከዩኒቨርስ የሚበልጥ ኮከብ» የሚል ወሬ አስነሥቶ ነበር። በዚያው ጽሑፍ ላይ የግምቱ ስህተት ወደ 0.8 ቢሊዮን ሊሆን እንደሚችል ተጽፏል፤ ያንን ማንም አላነበበውም። በኋላ የተሠሩ ስሌቶች ወደ 12 ቢሊዮን አወረዱት።

ሦስተኛው ሰነድ ቢግ ባንግ የተጻፈበት ዋናው መዝገብ ነው። በ1964 አርኖ ፔንዚያስና ሮበርት ዊልሰን ኒው ጀርዚ ውስጥ በአንድ አንቴና ሲሠሩ ከየትም አቅጣጫ እኩል የሚመጣ፣ ሊጠፋ ያልቻለ የሬዲዮ ጩኸት አገኙ። የርግብ ኩስ ነው ብለው አንቴናውን እስከ ማጽዳት ደርሰው ነበር። ጩኸቱ ግን ዩኒቨርስ 380,000 ዓመት ገደማ ሲሆነው የወጣ፣ ዛሬ ከፍጹም ዜሮ 2.7 ዲግሪ ብቻ ከፍ ያለ ሙቀት ያለው የጥንቱ ጨረር ነበር። በ1978 የኖቤል ሽልማት አስገኘላቸው። ይህን ጨረር ፕላንክ የተባለችው ሳተላይት በዝርዝር ለክታ 13.8 ቢሊዮን የሚለውን ዕድሜ ሰጠች። በዩኒቨርስ ውስጥ ካለው መደበኛ ቁስ በክብደት ሩብ ያህሉ ሂሊየም መሆኑም ከመጀመሪያዎቹ ጥቂት ደቂቃዎች ስሌት ጋር ይገጥማል። ዌብ ከእነዚህ አንዱንም አልነካም። ግቢው የታጠረበትን ቀን ካርታው፣ የመብራት ቆጣሪውና ጎረቤቱ ሳይመካከሩ አንድ አድርገው ከተናገሩ፣ ባሕር ዛፉ ምንም ያህል ቢረዝም ካርታውን ቀድጄ አልጥልም፤ መጀመሪያ አፈሩን እቆፍራለሁ።

«የሚደብቁት ነገር አለ?» ላሉት፦ በኦገስት 2022 ቢግ ባንግን ለአሥርት ዓመታት ሲቃወም የኖረ አንድ ጸሐፊ ያወጣው መጣጥፍ «ቢግ ባንግ ተሻረ» ለሚለው ወሬ ትልቅ ምንጭ ሆኗል። ከጠቀሳቸው ሳይንቲስቶች አንዷ የካንሳስ ዩኒቨርሲቲዋ አሊሰን ከርክፓትሪክ ነበረች። ሌሊት 9 ሰዓት ላይ ነቅታ «የሠራሁት ሁሉ ስህተት ይሆን?» እያለች እንደምታስብ ለኔቸር ተናግራ ነበር፤ የተናገረችው ስለ ጋላክሲዎች አፈጣጠር ነው። መጣጥፉ ስለ ቢግ ባንግ እንደተናገረች አድርጎ አቀረበው። እርሷም ቢግ ባንግ ተከናውኗል የሚል ሐረግ በማኅበራዊ ገጽ ስሟ መሐል አስገብታ መለሰችለት። ሌላው ማስረጃው ርዕሱ ላይ «ድንጋጤ» የሚል ቃል ያለበት የጥናት ጽሑፍ ነው፤ ቃሉ ግን በአንድ የሙዚቃ ባንድ ስም ላይ የተሠራ የቃላት ጨዋታ ነበር። ቀልድ በትርጉም ሲጓዝ ምን እንደሚሆን ያዩታል።

እውነተኛው ጭንቀት ደግሞ በአደባባይ ነው ያለው። ዩኒቨርስ የሚሰፋበት ፍጥነት (በየ3.26 ሚሊዮን የብርሃን ዓመት ርቀት፣ በሰከንድ በኪሎ ሜትር) ከጥንቱ ጨረር ሲሰላ 67 ገደማ፣ ከቅርብ ከዋክብትና ሱፐርኖቫዎች ሲለካ 73 ገደማ ይሆናል፤ ይህ ልዩነት ለዓመታት አልታረቀም፤ ዌብም የ73ቱን ልኬት የሚያፈርስ ስህተት አላገኘም። በ2025 ዴሲ የተባለው፣ አሪዞና ላይ ሆኖ የጋላክሲዎችን ካርታ የሚሠራው ፕሮጀክት ደግሞ ዩኒቨርስን እየገፋ የሚያሰፋው ኃይል በጊዜ ብዛት እየደከመ ሊሆን እንደሚችል ፍንጭ ሰጥቷል። ቢግ ባንግን ማሻሻል የሚያስፈልግ ከሆነ ምልክቱ ከእነዚህ ይመጣል እንጂ ከትልልቅ ጋላክሲዎች ይመጣል ብዬ አልጠብቅም።

ለልጅዎ አንድ ነገር ይንገሩልኝ። ቀጥሎ «እጅግ ሩቅ፣ እጅግ ከባድ ጋላክሲ ተገኘ» የሚል ዜና ስታይ ስፔክትረም ተወስዷል ወይስ አልተወሰደም ብላ ትጠይቅ። ዜናው ካልነገራት ገና መጋዘኑ በር ላይ ነው ያለው ማለት ነው።

ደብረ ብርሃን መሆናችሁም ዕድል ነው። በኅዳር አጋማሽ ጨረቃ በሌለችበት ምሽት፣ 3 ሰዓት ገደማ፣ ከከተማው መብራት ወጣ ብላችሁ ወደ ሰሜን ዙሩና ከአድማስ ከግማሽ በላይ ቀና በሉ። ዓይናችሁ ጨለማውን እስኪለምድ ሃያ ደቂቃ ጠብቁ። ደብዘዝ ያለች፣ ሞላላ፣ ትንፋሽ የመሰለች ነጭ ጭጋግ ታያላችሁ፤ አንድሮሜዳ ጋላክሲ ናት። ያ ብርሃን የተነሣው ከ2.5 ሚሊዮን ዓመት በፊት ነው፤ ድንቅነሽ ከሞተች ቆይታ ነበር፣ በአፋር ጎና ያሉት የድንጋይ መሣሪያዎች ደግሞ ተጠርበው ነበር። የሒሳብ ሠራተኛ ከነልጁ በዓይኑ ብቻ ሊያየው የሚችለው ከሁሉ የራቀ ነገር እሱ ነው ማለት ይቻላል። ጋቢ መደረብ አትርሱ፤ የደብረ ብርሃንን የኅዳር ሌሊት አውቀዋለሁ።